እጅ ማውጣት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በግራ ነው ያኘክሁት፤
ቀኙን እንደ ባላንጣ ሰላም ሳልል አለፍሁት።
ቅርንፉድ በኪሴ፣ ክኒን በመሳቢያ፣
ሳቅ ሲመጣ ደግሞ መዳፌ መከለያ።
የሂሳብ መምህር ነኝ፣ መቀነስ አይከብደኝም፤
ከሠላሳ ሁለት አንድ ቢጎድል ምንም አይለኝም—
እያልሁ ራሴን ስደልል፣ ሌሊቱ ግን አያምነኝም።

እውነቱን ልናገር፤
የዚያን ጊዜው ጉጠት እስከ ዛሬ ድረስ አፌ ውስጥ ነበር።
ሰባት ዓመቴ ነው። የጦር ካምፑ ድሬሰር፣
ጉልበቱን ደረቴ ላይ ጭኖ "ወንድ አይጮህም!" ሲለኝ፣
እጄን አንሥቼ ነበር፤ ማንም አላየኝ።
በዚያው ባነሣሁት እጄ ጠምዝዞ ያዘኝ።

አምባሳደር ጋ ካሉት ሙሉ ልብስ ሻጮች በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ፣
አንድ ትልቅ ጥርስ ይስቃል፣ ዓይን ተስሎለት፣ ቅንድብ፤
ጥርስ እንዴት ጥርስ ይኖረዋል? ብዬ ቆሜ ሳስብ፣
የታክሲው ረዳት "ለገሃር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" አለ፤
እግሬ ሳያማክረኝ "ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ" አለ።

በሌላኛው ቀጠሮ፣ አንደኛው ፎቅ ድረስ፤
ሱፍ ለክቼ ወረድሁ፤ የፈሪ ሰበቡ ልብስ።
ሻጩ አቶ ሸምሱ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣
በሦስተኛው ቀን ያዘኝ፣ ቀስ ብሎ፦
"መምህር፣ ይህ ትከሻ ከባለፈው አልጨመረም፤
መንገድህ ወደ ላይ ከሆነ፣ እዚህ የቆመ አልዳነም።
እኔ አራቱን አስነቅዬ፣ ይኸው ክር በቀሩት እቆርጣለሁ፤
ሂድ! ካልተመለስህ ራሴ መጥቼ አይሃለሁ።"

አርባ አራት ደረጃ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፤
መቁጠር እንጂ ሌላ ጸሎት መች አውቃለሁ?

አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ሥጋ ቆራጭ ነው አሉ፤
በሬ ያወራረዱ እጆች ካርድ ይዘው ይርገፈገፋሉ።
ተያየን። አልተሳሳቅንም። ግን ፍርሃት ሁለት ሲሆን፣
ይካፈላል እንጂ አይባዛም፤ ስሌቱ የት ተጽፎ ይሆን?

ተጠራሁ። ዶክተር ትርሲት፣ ዕድሜዋ የተማሪዎቼ፤
ወንበሩ ወደ ኋላ ሲተኛ አብረው ሸሹ ቃላቶቼ።
"ፈርተዋል?" አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጢም አለኝ፤
"አዎ" ያልሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ማን ጠየቀኝ?
አልሳቀችም። መርፌውንም ከጀርባዋ አልደበቀች፤
ይህ ይወጋል፣ ይህ ይነዝራል፣ ይህ ይጮኻል ብላ አንድ በአንድ አስተዋወቀች።
"አፍዎ ውስጥ ስሆን መናገር አይችሉም፤ ካመመዎት፣
ግራ እጅዎን ያውጡ፤ አቆማለሁ በዚያው ቅጽበት።"

እጅ አውጡ!
ሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ያልሁት፣
"ሳታወጡ አትናገሩ" ብዬ ያስፈራራሁት።

መሣሪያው መጮህ ጀመረ፤ ጥጥ፣ ምራቅ፣ የብረት ጣዕም፤
አላመመኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ገና ምንም።
እጄን ግን አወጣሁ።
ልፈትናት ነው መሰለኝ። ወይ ያ ልጅ ነው ያወጣው፣
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልስ ያጣው።

ጩኸቱ ቆመ።
እንዲያው፣ ቆመ።

በመስኮቱ በኩል ጥሩምባ፣ "ለገሃር!" የሚል ድምፅ ገባ፤
እሷ እጇን ሰብስባ ትጠብቃለች። ዓይኔ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አነባ።
"ያማል?" ራሴን ነቀነቅሁ። "እንቀጥል?" አውራ ጣቴን አሳየሁ።

ከዚያማ ምን ልበል? ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፤
ሳህኑ ላይ ወደቀ። ይህን ኖሯል የፈራሁ!
ጥቁር፣ ባለ ሁለት ሥር፣ ከበቆሎ ፍሬ የማይልቅ፣
ስንት ሠርግ ላይ የነፈገኝ ሳቅ።
"የፈሩት ይደርሳል" ይላሉ። ደረሰ፤ እኔም ደረስሁ፤
ሲደርስ ማነሱን ግን ከማንም አልሰማሁ።

ድኛለሁ አልልም። ለማክሰኞ ሌላ ቀጠሮ አለኝ፤
ከአሁኑ ሆዴን እየቆረጠኝ።

ስወጣ ሥጋ ቆራጩ ተነሥቷል፤ ዓይኑ "እንዴት ነው?" ይላል፤
ከንፈሬ ደንዝዟል፣ ቃሌ ከጥጥ ጋር ይታገላል።
ግራ እጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ እንደ ተማሪ።
አልገባውም።
ይገባዋል። በሩን ከፈተለት ተራ አስከባሪ።